ተከራይ ሆነሽ ካረገዝሽ፦ ራስሽንና ልጅሽን ከቫይረስ የምትጠብቂበት መንገድ

ሐዋሳ ውስጥ በአዋላጅነት ስሠራ 13 ዓመት አለፈኝ። ምክር እንዴት እንደሚሰጥ ያስተማረችኝ ግን አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ሳትተኛ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ነጠላዋ ላይ የክር ብናኝ ተጣብቋል። ካርድ ስታወጣ እርግዝናዋ 27 ሳምንት ሞልቶታል። ከአጠገቧ ባሏ በመኪና ያደረሳት ሌላ ሴት ተቀምጣለች፤ የታሸገ ውሃ ይዛለች፣ ገና 9 ሳምንቷ ነው። ሁለቱም የ22 ዓመት ልጆች ናቸው።

እንደ ልማዴ ለሁለቱም አንዱኑ ቃል አነበነብኩላቸው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከታመመ ሰው ራቁ፣ በሚቀጥለው ባላችሁን ይዛችሁ ኑ። ባለ መኪናዋ አንገቷን ነቀነቀች። ያቺኛዋ ሳቀች። «ሲስተር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንተኛው። ከማንኛዋ ልራቅ?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሉት ነው። ባለ መኪናዋም ብታነበው አይጎዳትም፤ የቤት ሠራተኛ ካላት እንዲያውም መጨረሻው አካባቢ የሚመለከታት ነገር አለ።

ቫይረስ ደሞዝ አይጠይቅም ይባላል። ይጠይቃል እንጂ! ቧንቧሽ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ፣ ሽንት ቤቱን ስምንት ተከራይ ከተጠቀመበት፣ ክትትል ለመሄድ የግማሽ ቀን ደሞዝ የሚቆረጥብሽ ከሆነ፣ ቫይረሱ አንቺ ጋ የሚገባበት በር ብዙ ነው። ኤች አይ ቪ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደረግ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው በከተማ ከመቶ 2.9፣ በገጠር ከመቶ 0.4 ነበሩ። ከገጠር ቀበሌ ተነስታ ሐዋሳ መናኸሪያ የወረደች ልጅ ሻንጣዋን ሳትፈታ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ተሻገረች ማለት ነው። ይህን የሚነግራት ሰው የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች ወደ እኛ ክፍል ሲጎርፉ አይቻለሁ።

ካርዱን ቶሎ አውጪ

ምንም ገንዘብ የማይጠይቀውና ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነገር ቶሎ መምጣት ነው። የወር አበባሽ ቀርቶ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ፣ ቢዘገይ ከ12 ሳምንት በፊት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው። «ብር ሲኖረኝ እመጣለሁ» ብላ እስከ ሰባት ወር የቆየች ስንቷን አይቻለሁ። የሚያስፈልግሽ የባጃጅ ነው፤ እሱም በእግር የሚደረስ ከሆነ አያስፈልግም።

ፈቃድ አይሰጡኝም ትይ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለእርግዝና ምርመራ የሚሆን ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጥሻል። ከአንቺ የሚፈለገው መመርመርሽን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳትወጪ «ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ማስረጃ ጻፉልኝ» በይ። ማኅተሙን አይተሽ ተቀበይ፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት አስይዘናት ለማኅተም ብቻ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። ያው አዋጅ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትንም ይከለክላል። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ እስከ 4 ወር፣ ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ጥፋት ከሌለብሽ በቀር፣ ሊያሰናብቱሽ አይችሉም።

ያቺ ልጅ በ27 ሳምንቷ ሌሊት የምትሠራው ለሱፐርቫይዘሯ ስላልነገረች ነበር። ኮንትራቴን አያድሱልኝም ብላ ሆዷን በሰፊ ሹራብ ትሸፍናለች። ፍርሃቷ ከንቱ ነው አልልም። ቢሆንም ካልነገርሻቸው አዋጁም አያድንሽም። በጽሑፍ ንገሪያቸው፤ ግልባጩን ለራስሽ አስቀሪ፣ አንዲት የምታምኛት የሥራ ባልደረባም ታንብበው።

ሦስቱን ምርመራ በስማቸው ጠይቂ

በመጀመሪያው ቀን ደም ሲወሰድ «ለምን ለምን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ፣ ቂጥኝ። ቂጥኝ ቫይረስ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው፤ ግን በአንድ ላይ ነው የሚሄዱት፤ እሱም ልጅ ይጎዳል፣ በመርፌም ይድናል።

የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ ኪት ብዙ ጊዜ ያልቃል። እኛም ጋ አልቆ ያውቃል። ያኔ «ውጭ አሠሪው» ትባያለሽ። ብር ያላት ወጥታ ታሠራለች፤ የሌላት ዝም ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ካርዷ ላይ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ምጥ ላይ ስትመጣም ማንም አያስታውሰውም። አንቺ እንዲህ አድርጊ፦ ካርዱ ላይ «ሄፓታይተስ ቢ አልተመረመረችም» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቂ፣ ኪቱ መቼ እንደሚመጣ ጠይቂ፣ በየቀጠሮሽም ያንን መስመር በጣትሽ እያሳየሽ አስታውሺን። አትፈሪን። በቀን አርባ ሴት የምታይ አዋላጅ ስታስታውሻት ደስ ይላታል እንጂ አትቆጣም። ከተቆጣችም ጥፋቱ የእሷ ነው።

የኤች አይ ቪ ምርመራ አንዴ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ላይ ነፃ የሆነች ሴት እርጉዝ ሆና ልትያዝ ትችላለች፤ እርግዝና ላይ አዲስ ሲይዝ ደግሞ ቫይረሱ በደም ውስጥ በርትቶ ስለሚገኝ ለልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰባት ወር ካለፈሽ በኋላ ወይም ምጥ ላይ ድገሚው። ኮንዶምም እርግዝናን ለመከላከል ብቻ አይደለም የተሠራው። ባልሽ ሹፌር ቢሆን፣ ሌላ ከተማ የሚሠራ ቢሆን፣ ወይም ዝም ብለሽ እርግጠኛ ባትሆኚ ተጠቀሚበት።

ስለ ባል ካነሳሁ አንድ ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንዲት ልጅ «ባልሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ» አልኳት። ባሎች እንዲመረመሩ ብዬ ነው፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ልጅቷ ግን ባል አልነበራትም። ሰው ፊት አፍራ ተነስታ ሄደች፤ ያየኋት ከአምስት ወር በኋላ ምጥ ይዟት ነው፣ አንድም ክትትል ሳታደርግ። ከዚያ ወዲህ «የሚያጅብሽ ሰው ካለ ይምጣ» ነው የምለው። ደባልሽም ትሁን፣ አክስትሽም ትሁን፣ ቤት አከራይሽም። ብቻሽንም ከሆንሽ ነይ።

«የጉበት ቫይረስ አለብሽ» ከተባልሽ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በጉርሻ አይተላለፍም። አንድ ማዕድ ላይ በመብላት፣ ሲኒ በመጋራት፣ ጉንጭ በመሳሳም አይተላለፍም። ውጤቷን ለአማቷ ተናግራ ሳህኗና ብርጭቋዋ የተለየባት፣ ቡና ሲፈላ በረንዳ ላይ ለብቻዋ የተቀዳላት ልጅ አለች። ያ ሁሉ መገለል ለምንም አልጠቀመም፤ የቤቱ ምላጭና ጥፍር መቁረጫ ግን እንደበፊቱ ለሁሉም አንድ ነበር!

ቁጥሩን አስቢው። በአዋቂነት ከሚያዙ መቶ ሰዎች ቫይረሱ ሥር የሚሰድባቸው ከአምስት ያነሱ ናቸው። በወሊድ ጊዜ ከሚያዙ መቶ ሕፃናት ግን 90 ያህሉ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፤ ኋላ ላይ ጉበት የሚያቆስለውና ካንሰር የሚያመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ያለው የመውለጃው ቀን ላይ ነው። ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ አለበት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥም ሄፓታይተስ ቢ አለ፤ ግን ቫይረሱ ካለባት እናት ለተወለደ ልጅ 6 ሳምንት መጠበቅ ረጅም ነው። ከስምንተኛ ወርሽ ጀምሮ የምትወልጂበትን ቦታ «የመጀመሪያው ቀን የሄፓታይተስ ክትባት አላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የለንም ካሉሽ የት እንደሚገኝ ያመላክቱሽ። ይህን ጥያቄ ምጥ ላይ ሆነሽ ልትጠይቂው አትችዪም፤ የሚያጅብሽ ሰውም ከአሁኑ ይያዘው።

ለእናቲቱም መድኃኒት አለ፣ ቴኖፎቪር ይባላል። ድሮ ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን የቫይረሱን መጠን የሚለካ ምርመራ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ምርመራ ውድ ነው፣ ሁሉም ጋም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ከእርግዝናዋ ሁለተኛ ሦስት ወር ጀምራ መድኃኒቱን ልትወስድ እንደምትችል አስቀምጧል። እንግዲህ «ለምርመራው ብር የለኝም» የሚለው የነገሩ መጨረሻ መሆን የለበትም። ወደ ሆስፒታል ሪፈር አጽፊና ሐኪሙን በመድኃኒቱ ስም ጠይቂው። ጡት ማጥባት ትችያለሽ፤ ቫይረሱ ስላለብሽ ጡት መከልከል የለም።

ኤች አይ ቪ ከተገኘብሽም መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ የሚጀመረውም ያኑ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ሕክምና ከሌለ ከመቶ እናቶች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ለልጃቸው ያስተላልፋሉ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰዱ ግን ከ5 ያነሱ። ደባሎችሽ እንዳያዩብሽ ከፈራሽ እንክብሉን የራስ ምታት መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ መገልበጥ የብዙዎች ዘዴ ነው። እኔ አልወደውም፤ የአንዷን እንክብል ጓደኛዋ ራሷን ሲያማት ውጣዋለች። ክኒኑን ከነራሱ ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሻንጣሽ ውስጥ ቆልፊበት።

ውሃ

ሌላው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ኢ፣ ስሙ ብዙ አይነሳም። በተበከለ ውሃ ነው የሚተላለፈው። ሌላውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስጨንቆት ይለቀዋል፤ ነፍሰ ጡርን ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ይገድላል። በዚያ ጊዜ ከሚያዙ መቶ ሴቶች እስከ 20 እና 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሰፈሩበት ተነስቶ ነበር። ሽንት ቤትና ውሃ ከተቀራረቡ ሌላ ቦታስ የማይነሳበት ምን ምክንያት አለ?

ለአራት ሰው ውሃ ማፍላት ከሰል እንደሚጨርስ አውቃለሁ። እኔ የማዘው ያንቺን የመጠጥ ውሃ ብቻ እንድታፈዪ ነው፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሊትር። ሽሮው ከወረደ በኋላ ፍሙ ገና ትኩስ ነው፤ ያኔ ድስቱን ጣጂው። ተንተክትኮ ይፍላ፣ በክዳኑ ይቀዝቀዝ፣ ታጥቦ በደረቀ ሃይላንድ ተገልብጦ ስምሽ ይጻፍበት። ፍሙ ካልበቃ ውሃ አጋር ጨምሪበት፤ መጠኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ 30 ደቂቃም ጠብቂ። ደግሞ ጀሪካኑ! ውሃው ንጹሕ ሆኖ ጀሪካኑ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? አንድ እፍኝ ጠጠርና ሳሙና ከትተሽ አራግፊው። ጣሳ ነክረሽ አትቅጂ፣ አዘንብለሽ ቅጂ።

ሽንት ቤቱ ጋ ሳሙና ብታስቀምጪ እንደሚጠፋ እኔም ተከራይ ስለነበርኩ አውቃለሁ። ትንሽ የዱቄት ሳሙና በሃይላንድ ውሃ ውስጥ በጥብጪ፣ ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ሚስማር ላይ በገመድ አንጠልጥዪው። የተበጠበጠ ሳሙና ማንም አይሰርቅም።

ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ትውከት ካላቆመ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ። «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ወደ ባህል መድኃኒት የሚወስዱሽ ዘመዶች ይመጣሉ። ክፋት የላቸውም፤ ግን በእርግዝና ላይ ቀን የሚሰጥ በሽታ አይደለም።

አሞራ ገደል ሄደሽ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ስለመብላት ሁሌ ይጠይቁኛል። የዚያ ችግሩ ይበልጡን ጥገኛ ትልና ባክቴሪያ ነው። እስክትወልጂ የተጠበሰውን ብዪ፤ ጥሬው የትም አይሄድም።

ምላጭ፣ መርፌ፣ ክፍል

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። አራት ሆናችሁ በአንድ ምላጭ ቅንድብ የምትቀነደቡ ከሆነ ያ ምላጭ መስኮት ላይ ደርቆ ቢያድርም አልሞተም ማለት ነው። ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ ለየራስ። ውበት ሳሎን ዊግ ስታሰፊ መርፌው ራስሽን ይነካል፤ የራስሽን መርፌ ይዘሽ ሂጂ፣ ዋጋው ምንም አይደለም። ሰፈር ውስጥ «እሱ መርፌ ይወጋል» የሚባለው ሰውዬ ጋ አትሂጂ። ድድ መነቀስም ይቅርብሽ።

ጉንፋንና ኮሮናን በተመለከተ በአንድ ክፍል አራት ሰው ሲተኛ የምትችዪው ጥቂት ነው። መኝታሽን ወደ መስኮቱ አድርጊው፣ መስኮቱን ጠዋትና ማታ ክፈቺ፣ የሚያስል ሰው ካለ ራስና እግር ተገለባብጣችሁ ተኙ። ትኩሳት ሲይዝሽ ግን ጉንፋን ነው ብለሽ አትተኚ። ሐዋሳ ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ መጀመሪያ የወባ ምርመራ።

የሰው ልጅ እየጠበቅሽ የምትኖሪ የቤት ሠራተኛ ከሆንሽ ደግሞ ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አለ፤ በሕፃናት ምራቅና ሽንት ይተላለፋል፣ ፅንስ ላይ የመስማት ችግር ሊያመጣ ይችላል። ዳይፐር ከቀየርሽ፣ ንፍጥ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ልጁ ያስተረፈውን ምግብ አትጨርሺ፣ ማንኪያውን አፍሽ ውስጥ አትክተቺ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ እመቤት ሆይ፣ አንቺ በ9 ሳምንትሽ ካርድ ያወጣሽው፣ የክትትል ቀኗን የምትሰጫት አንቺው ነሽ። ያንቺን ልጅ የምታጎርሰው እጅ ነው፣ ሳሙናም ለግሺው።

ከወለድሽ በኋላ ካርዱን አትጣዪው። ኤች አይ ቪ ካለብሽ ልጅሽ በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ይሰጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ካለብሽ ከ9 ወሩ በኋላ ክትባቱ መሥራቱን ለማየት ይመረመራል፤ ያኔ የሚያያችሁ ባለሙያ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እኔም ተዛውሬ ይሆናል። በላስቲክ ጠቅልለሽ ከመታወቂያሽ ጋር አስቀምጪው። ቤት ስትቀይሪ ፍራሹ ባጃጅ ላይ ከመጫኑ በፊት ካርዱ ጡትሽ ሥር ይግባ።